ሠራተኛው ዚንክ፣ ደጋፊው ካልሲየም

 

ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ለምርመራ ደም የሰጣችሁ ሰዎች፣ ባለሙያው ደማችሁን የቀዳበትን ትንሽ ቱቦ ታስታውሱ ይሆናል። የደም ሕዋሳት ቆጠራ የሚሠራበት ቱቦ ክዳኑ ሐምራዊ ነው። ጣታችን ሲቆረጥ የሚፈሰው ደም በደቂቃዎች ውስጥ ይረጋል። በዚያ ቱቦ የገባው ደም ግን ሰዓታት ቢቆይም ፈሳሽ እንደሆነ ይቆያል። ደሙ ያው የእናንተ ደም ነው። ልዩነቱን ያመጣው በቱቦው ግድግዳ ላይ በስሱ የተቀባ ኢዲቲኤ የሚባል ኬሚካል ነው። ኢዲቲኤ በደሙ ውስጥ የሟሟውን ካልሲየም ለቅሞ አጥብቆ ይይዛል። ደሙ እንዳይረጋ ይህ ብቻ ይበቃል።

ለምን ይበቃል? ደም የሚረጋው ተራ በተራ በሚቀሰቀሱ ኢንዛይሞች ነው። ከእነዚህ ዋና ዋናዎቹ ሥራቸውን የሚጀምሩት ቁስሉ ላይ በተሰበሰቡት ፕላትሌት በሚባሉ ጥቃቅን የደም ሕዋሳት ገጽ ላይ ሲያርፉ ሲሆን፣ ከዚያ ገጽ ጋር የሚያያይዛቸው ካልሲየም ነው። ካልሲየም ከሌለ ኢንዛይሞቹ በደሙ ውስጥ ሳይጎድሉ ይንሳፈፋሉ፤ ግን መገናኛ ቦታቸውን ያጣሉ። እንግዲህ አንድ ትንሽ አዮን በመኖሩና ባለመኖሩ መካከል ያለው ልዩነት ይህን ያህል ነው። የዛሬው ዝግጅታችንም ስለ እነዚህ አዮኖች ነው። ዚንክ፣ ካልሲየም፣ ማግኒዥየም፣ አይረን፣ መዳብና መሰሎቻቸው ኢንዛይሞችን እንዴት እንደሚያሠሩ፣ እንዴትስ ቅርጻቸውን ጠብቀው እንደሚያቆዩ፣ አንዳንዶቹም እንዴት እንደሚያበላሿቸው እናያለን።

አስቀድመን ሁለት ነገሮችን እንግባባ። ኢንዛይም በሕያው አካል ውስጥ ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን ነው። እንጀራው ሆዳችን ገብቶ ስኳር የሚሆነው፣ ጡንቻ የሚንቀሳቀሰው፣ የበቀለ ገብስ የሚጣፍጠው በኢንዛይም ነው። አዮን ስንል ደግሞ ኤሌክትሮን አጥቶ ወይም ጨምሮ ኤሌክትሪካዊ ሙል የያዘ አቶም ማለታችን ነው። የብረታ ብረት አዮኖች ኤሌክትሮን ያጡ ስለሆኑ ሙላቸው ፖዘቲቭ ነው። በውኃና በደም ውስጥ ሟሙተው ስለሚገኙ ዓይን አያያቸውም፤ ከማጭድና ከማረሻ ብረት ጋር መልካቸውም ጠባያቸውም አይገናኝም። በተፈጥሮ ካሉት ኢንዛይሞች አንድ ሦስተኛ የሚሆኑት ሥራቸውን ለመሥራት የእነዚህን አዮኖች እርዳታ ይፈልጋሉ።

ፕሮቲን የሚገነባው ከ20 ዓይነት አሚኖ አሲዶች ነው። እነዚህ አሚኖ አሲዶች ብዙ ነገር ይችላሉ፤ አንድ የሚጎድላቸው ነገር ግን አለ። በትንሽ ቦታ የተከማቸ ጠንካራ ፖዘቲቭ ሙል የላቸውም። ብረታ ብረት ያንን ይዞ ይመጣል። ኤሌክትሮንን ወደ ራሱ ይስባል፣ የጠበቀ ትስስርን ያላላል፣ ብቻውን ሰነፍ የሆነውን ሞለኪውል ለለውጥ ያዘጋጃል።

ይህን በደንብ ለማየት ካርቦኒክ አንሃይድሬዝ ከሚባለው ኢንዛይም የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በቀይ የደም ሕዋሶቻችን ውስጥ በብዛት ይገኛል። ሰውነታችን ምግብ ሲያቃጥል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ይህ ጋዝ አብዛኛው ከውኃ ጋር ተዋሕዶ ባይካርቦኔት እየሆነ በደም ይጓዛል፤ ሳንባ ሲደርስ ተመልሶ ጋዝ ይሆንና በትንፋሽ ይወጣል። ችግሩ ጊዜ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውኃ በራሳቸው ሲዋሐዱ በርካታ ሰከንዶች ይፈጅባቸዋል። ደማችን በሳንባ ቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ የሚያልፈው ደግሞ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ነው። ኢንዛይሙ ባይኖር ኖሮ ጋዙ ሳይራገፍ ደሙ አልፎ ይሄድ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1940 በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ዴቪድ ኬይሊንና ታዴየስ ማን፣ ይህን ኢንዛይም አጣርተው በውስጡ ዚንክ መኖሩን በዝርዝር አስረዱ። ዚንክ የኢንዛይም አካል መሆኑ በማስረጃ ሲታወቅ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ያ ግኝት ዛሬ ከሚሰጠው ክብር የበለጠ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። ዚንክ በሕይወት ውስጥ የሚሠራው ምን እንደሆነ በተጨባጭ መናገር የተቻለው ከዚያ ወዲህ ነውና።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በኢንዛይሙ መካከል ባለ ጎድጓዳ ቦታ አንድ የዚንክ አዮን ተቀምጧል። ሂስቲዲን የሚባሉ ሦስት አሚኖ አሲዶች በሦስት አቅጣጫ ይዘውታል። በአራተኛው በኩል አንድ የውኃ ሞለኪውል ተያይዟል። ውኃ እንደምታውቁት ከአንድ ኦክስጅንና ከሁለት ሃይድሮጅን የተሠራ ነው፤ ሃይድሮጅኑንም በቀላሉ አይለቅም። ዚንኩ ግን የኦክስጅኑን ኤሌክትሮኖች ወደ ራሱ ሲስብ በኦክስጅንና በሃይድሮጅን መካከል ያለው ትስስር ይላላል። ተራ ውኃ ሃይድሮጅኑን የሚለቅበት መጠን የአሲድነት መለኪያ በሆነው በፒኤች ሲለካ ወደ 16 ይጠጋል፤ ከዚንክ ጋር የተያያዘው ውኃ ግን 7 አካባቢ ላይ ይለቃል። ይህ የደማችን ፒኤች አካባቢ ነው። ሃይድሮጅኑ ሲሄድ ሃይድሮክሳይድ ይቀራል፤ ሃይድሮክሳይድም አጠገቡ የደረሰውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወዲያው ይይዘዋል። ባይካርቦኔት ይሆናል፣ ይወጣል፣ ሌላ ውኃ ይተካል። አንድ የኢንዛይም ሞለኪውል በአንድ ሰከንድ ውስጥ ይህን እስከ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ያደርጋል።

ከዚህ ቀጥሎ የምነግራችሁን ልብ በሉት። ሳይንቲስቶች በላቦራቶሪ ዚንኩን ከኢንዛይሙ ውስጥ ማውጣት ይችላሉ። ሲያወጡት የፕሮቲኑ ቅርጽ ከሞላ ጎደል እንደነበረ ይቆያል፤ ሥራው ግን ይቆማል። ዚንኩን ሲመልሱለት ሥራው ይመለሳል። በዚንክ ፈንታ ኮባልት ቢያስገቡ ኢንዛይሙ ፍጥነቱ ቀንሶም ቢሆን ይሠራል። መዳብ ቢያስገቡ ደግሞ፣ መዳቡ ከዚንክ የበለጠ ተጣብቆ ይቀመጣል፤ ኢንዛይሙ ግን አይሠራም። አጥብቆ መያዝና መሥራት የተለያዩ ናቸው። መዳብ ይህ ጠባይ ስላለው ሕዋሶቻችን ልቅ መዳብ በውስጣቸው እንዲንሳፈፍ አይፈቅዱም። መዳብን ተቀብለው ለሚገባው ኢንዛይም ብቻ የሚያደርሱ ለዚሁ ሥራ የተመደቡ ፕሮቲኖች አሏቸው።

ሁሉም ብረታ ብረት እንደ ዚንክ አይሠራም። ዚንክ ኤሌክትሮን አይለዋወጥም፤ መጥቶ የሚስብ ብቻ ነው። አይረንና መዳብ ግን ኤሌክትሮን ይቀበላሉ፣ ይሰጣሉ፤ ስለዚህ ከኦክስጅን ጋር ለሚሠሩ ኢንዛይሞች ይመረጣሉ። ቁስል ላይ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሲፈስ አረፋ የሚደፍቀው ካታሌዝ በሚባል ኢንዛይም ነው፤ በካታሌዝ ውስጥ የሚሠራውም አይረን ነው።

አሁን ወደ ጽናት እንምጣ። እስካሁን ያየነው ብረቱ ራሱ ሥራውን ሲሠራ ነው። ሌሎች ኢንዛይሞች ውስጥ ደግሞ ብረቱ ከሥራው ቦታ ርቆ ይቀመጣል። ኬሚካዊውን ለውጥ አይነካም፤ ተግባሩ ፕሮቲኑን ማቆም ነው። የጎጆ ማገር እንጨቶቹን አያይዞ እንደሚያጸና ሁሉ፣ እንዲህ ያለው አዮን የፕሮቲኑን ልል እጥፋቶች እርስ በርስ አስሮ ይይዛል። ለዚህ ሥራ ከሁሉ የሚመረጠው ካልሲየም ነው።

ሁለቱን ሥራዎች በአንድ ኢንዛይም ውስጥ ጎን ለጎን ማየት ለሚፈልግ ቴርሞላይሲን አለለት። ሙቀት ከሚወድ ባክቴሪያ የሚገኝ፣ ፕሮቲንን የሚቆራርጥ ኢንዛይም ነው። በውስጡ አንድ ዚንክና አራት ካልሲየም አዮኖች አሉ። የሚቆርጠው በዚንኩ ነው። ካልሲየሞቹ ደግሞ አብዛኛው ፕሮቲን ተበላሽቶ በሚያልቅበት በ80 ዲግሪ ሙቀት እንኳ ቅርጹ እንዳይፈርስ ይጠብቁታል። ዚንኩን ብናወጣ ኢንዛይሙ ቆሞ ይቀራል፣ ግን ሥራ ይፈታል። ካልሲየሞቹን ብናወጣ በገጹ ላይ ያሉት እጥፋቶች ይላላሉ፤ ኢንዛይሙ ፕሮቲን ቆራጭ በመሆኑ አንዱ ሞለኪውል ሌላውን በላላው ቦታ ይቆርጠዋል። ራሱን በልቶ ያልቃል ማለት ነው።

ይህ ነገር ከጠላ ጋንም አይርቅም። ለጠላ የሚሆን ብቅል ሲዘጋጅ እህሉ ይነከራል፣ ይበቅላል፣ ከዚያም በፀሐይ ይደርቃል። አሻሮው በምጣድ ሲቆላ ብቅሉ ለብቻው የሚያዝበት ጥሩ ምክንያት አለው። እህሉ ሲበቅል አሚሌዝ የሚባሉ ኢንዛይሞችን ያመርታል፤ ስታርችን ወደ ስኳር የሚለውጡት እነሱ ናቸው። ኃይለኛ ሙቀት ደግሞ ኢንዛይሞቹን ይገድላቸዋል። ከእነዚህ አንዱ፣ አልፋ አሚሌዝ የሚባለው፣ ቅርጹን ጠብቆ ለመቆየት ካልሲየም ያስፈልገዋል። የቢራ ፋብሪካዎች ብቅሉን በ65 ዲግሪ አካባቢ ሙቅ ውኃ ውስጥ ይዘፈዝፋሉ፤ በዚያ ሙቀት አሚሌዙ እንዲቆይላቸው፣ ለሌላም ጥቅም፣ ውኃቸው ካልሲየም ካነሰው ጂፕሰም ወይም ካልሲየም ክሎራይድ ይጨምሩበታል። በምራቃችን ውስጥ ያለው አሚሌዝም ካልሲየም አለው፤ ከዚያም በላይ በደንብ እንዲሠራ ከጨው የሚገኘው ክሎራይድ ያነቃቃዋል።

የልብስ ዱቄት ሳሙና አምራቾች በተቃራኒው በዚህ ተቸግረው ነበር። በሳሙናው ውስጥ እድፍ የሚያፈርሱ ኢንዛይሞች ይገባሉ። በዚያው ሳሙና ውስጥ ደግሞ አረፋ እንዲወጣ ከውኃው ካልሲየም የሚለቅሙ ኬሚካሎች አሉ። ለቃሚዎቹ የኢንዛይሙንም ካልሲየም ይወስዱበታል። ስለዚህ ተመራማሪዎች የኢንዛይሙን አሚኖ አሲዶች እየቀያየሩ፣ ካልሲየም ባይኖርም ቅርጹን የሚጠብቅ ኢንዛይም ሠሩ።

አንድ ብረት በአንዱ ኢንዛይም ሠራተኛ፣ በሌላው ደጋፊ ሊሆን እንደሚችልም እወቁ። እ.ኤ.አ. በ1969 ማኮርድና ፍሪዶቪች የተባሉ ተመራማሪዎች ሥራውን የገለጹት ሱፐርኦክሳይድ ዲስሙቴዝ የሚባል ኢንዛይም አለ፤ ሕዋሳችንን ከአደገኛ የኦክስጅን ዓይነት ይጠብቃል። በዚህ ኢንዛይም ውስጥ የሚሠራው መዳብ ነው። በካርቦኒክ አንሃይድሬዝ ውስጥ ዋና ሠራተኛ የነበረው ዚንክ እዚህ ቅርጽ አጽኚ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ስለ አንድ ብረት ‹‹ጠቃሚ ነው ወይስ ጎጂ?›› ብሎ መጠየቅ ብዙ አያስኬድም። መጠየቅ ያለበት የት ነው ያለው፣ ምን ያህል ነው፣ የማንን ቦታ ነው የያዘው የሚለው ነው።

የሌላውን ቦታ ቀምቶ የሚጎዳ ብረት ካለ፣ ቀዳሚው ሊድ የሚባለው የእርሳስ ማዕድን ነው። የደማችን ቀይ ቀለም ሄም ከሚባል ሞለኪውል ይመጣል። ሄምን ደረጃ በደረጃ ከሚሠሩት ኢንዛይሞች ሁለተኛው ዚንክ ያስፈልገዋል፤ ዚንኩን የያዙትም ድኝ ያለባቸው ሦስት ሲስቴን አሚኖ አሲዶች ናቸው። ሊድ ድኝን እጅግ ይወዳል። ወደ ሰውነት ሲገባ ዚንኩን አስወጥቶ ቦታውን ይይዛል፤ ኢንዛይሙም ይቆማል። ከዚያም በመጨረሻው ደረጃ አይረንን ወደ ሄም የሚያስገባውን ኢንዛይም ያውካል፤ አይረን መግባት በነበረበት ዚንክ ይገባል። ሊድ በብዛት የገባበት ሰው ደም የሚያንሰው በዚህ ነው። ከሁሉ የሚብሰው ግን በሕፃናት አእምሮ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት ምንም ጉዳት የለውም ተብሎ የሚታወቅ የሊድ መጠን እንደሌለ ይናገራል። አሮጌ የመኪና ባትሪ በሚፈታበትና በሚቀልጥበት ቦታ ሕፃናት መጫወት የለባቸውም። እዚያ የሚሠራ አባትም የሥራ ልብሱን ሳይቀይር ልጁን ባያቅፍ ይመረጣል።

ለሊድ መመረዝ ከሚሰጡት ሕክምናዎች አንዱ ቅድም ያነሳነው ኢዲቲኤ ነው። ለሕክምና የሚሰጠው ግን አስቀድሞ ካልሲየም የያዘው ዓይነት ነው። ሊዱን ሲያገኝ ካልሲየሙን ይለቅና ሊዱን ይዞ በሽንት ይወጣል። ካልሲየም ያልያዘው ዓይነት በደም ሥር ከተሰጠ የደሙን ካልሲየም ይለቅማል፤ ልብም ያለ ካልሲየም አትመታም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2005 ባለው ጊዜ በዚህ ዓይነት ሕክምና ሦስት ሰዎች ሞተዋል፤ ሁለቱ ሕፃናት ነበሩ። ‹‹ሰውነትን ከመርዝ እናጥራ›› እያሉ ብረታ ብረት ለቃሚ መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ ሰዎች ሲያጋጥሟችሁ፣ እባካችሁ ይህን አስታውሱ።

አዮኖቹ መድኃኒት ለሚሠሩ ሰዎችም ዒላማ ናቸው። በአገራችን የኤች አይ ቪ ሕክምና በሰፊው የሚሰጠው ዶሉቴግራቪር ይህን ያሳያል። ቫይረሱ የራሱን ዘር በእኛ ሕዋስ ዘር ውስጥ የሚሰካው ኢንቴግሬዝ በሚባል ኢንዛይም ነው። በኢንዛይሙ የሥራ ቦታ ሁለት የማግኒዥየም አዮኖች አሉ። ዶሉቴግራቪር ገብቶ ሁለቱንም ይይዛቸዋል፤ ኢንዛይሙ ሥራ ያጣል። መድኃኒቱ እንዲህ ብረታ ብረት ያዥ በመሆኑ ግን በሆድ ውስጥም ያገኘውን ይይዛል። ከአይረን ወይም ከካልሲየም እንክብል፣ ከጨጓራ አሲድ ማብረጃም ጋር ባዶ ሆድ ላይ ከተዋጠ ከእነሱ ጋር ተያይዞ ወደ ደም ሳይገባ ይቀራል። ባለሙያዎች መድኃኒቱ ከእነዚህ ሁለት ሰዓት አስቀድሞ ወይም ስድስት ሰዓት ዘግይቶ እንዲወሰድ የሚመክሩት ለዚህ ነው። የአይረንና የካልሲየሙን እንክብል ከምግብ ጋር ከሆነ አብሮ መውሰድ ይቻላል፤ ለአሲድ ማብረጃው ግን ሰዓቱን መጠበቅ ግድ ነው። በእርግዝና ጊዜ አይረን የምትወስዱ እናቶች ይህን ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩበት።

በመጨረሻ ወደ ገበታችን እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1958 አናንዳ ፕራሳድ የሚባል ሐኪም በኢራን ሺራዝ ከተማ አንድ ሕመምተኛ ቀረበለት። ዕድሜው 21 ዓመት ነው፤ ሲያዩት ግን የ10 ዓመት ልጅ ይመስላል። ሥጋ አይበላም፤ ምግቡ ያልቦካ ቂጣ ነው፤ አፈርም ይበላል። በአካባቢው እንዲህ ያሉ ወጣቶች ብዙ ነበሩ። ፕራሳድ ኋላ ወደ ግብፅ ሄዶ ተመሳሳይ ወጣቶችን ሲመረምር የጎደላቸው ዚንክ እንደሆነ አረጋገጠ፤ ዚንክ ሲሰጣቸውም አደጉ። ያን ጊዜ ሰው ዚንክ ሊያጥረው ይችላል ብሎ የሚያምን ባለሙያ ጥቂት ነበር። በአሜሪካ ለዚንክ የዕለት መጠን የተወሰነለት እ.ኤ.አ. በ1974 ነው።

ቂጣው ምን አደረጋቸው? እህል ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር አለው፤ ዚንክንና አይረንን አጥብቆ ይይዛል፣ አንጀትም ሊመጥጣቸው አይችልም። ሊጥ ሲቦካ ግን ፋይቴዝ የሚባሉት የእህሉና የረቂቅ ተሕዋስያኑ ኢንዛይሞች ፋይቴቱን ይሰባብሩታል። የእርሾው ኮምጣጣነት ይህን ሥራ ያቀላጥፋል። እናቶቻችን የጤፍ ሊጥ ሁለት ሦስት ቀን ማቡካታቸው ለጣዕሙ ብቻ አልጠቀመም። አንዱ ኢንዛይም ታስረው የነበሩትን አዮኖች ይፈታል፤ የተፈቱት አዮኖች በሰውነታችን ሌሎች ኢንዛይሞችን ያሠራሉ። አጥሚት ወይም ቂጣ ለሕፃን የምታዘጋጁ ወላጆች፣ ዱቄቱን ቀድሞ ማቡካት ወይም እህሉን ማብቀል ለዚሁ ይረዳችኋል።

ልጅ ተቅማጥ ሲይዘው ዚንኩ አብሮ ይወጣል፤ የተጎዳውም አንጀት ራሱን ለመጠገን ዚንክ ይፈልጋል። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ከኦ አር ኤስ ጋር ዚንክ እንዲሰጥ ይመክራሉ። ያኔ የተመከረው ከስድስት ወር በላይ ለሆነ ልጅ በቀን 20 ሚሊግራም፣ ከዚያ በታች ላለ 10 ሚሊግራም፣ ከ10 እስከ 14 ቀናት ነበር። እንክብሉ በእናት ጡት ወተት ወይም በንጹህ ውኃ በማንኪያ ይሟሟል። ብዙ ወላጅ ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ሲቆም እንክብሉንም ያቆማል፤ ይህ መቅረት አለበት፤ የታዘዘው ቀን እስኪሞላ ስጡት። ከታዘዘው በላይ ወይም ለወራት መስጠትም አይገባም። ብዙ ዚንክ አንጀት መዳብ እንዳይቀበል ያደርጋል፤ መዳብ ሲያንስ ደግሞ ደም ማነስና የነርቭ ጉዳት ይከተላል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ስትሰጣችሁ ስንት ቀን እንደሆነ ጠይቃችሁ ያዙ።